24 ተማሪ፣ አምስት ሚድዋይፍ፦ ፕሪሴፕተር ስለማሠልጠን ከደሴ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ደሴ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል አስተባባሪ ነኝ። ከሁለት ተቋማት 24 የሚድዋይፈሪ ተማሪዎች ለአራት ሳምንት ሊመጡብን ነው። በአንድ ፈረቃ ያለነው አምስት ሚድዋይፍ ነን። ባልደረቦቼ ፕሪሴፕተር፣ ማለትም ተማሪን በሥራ ላይ ይዘው የሚያስተምሩ ባለሙያዎች እንዲሆኑ የሁለት ቀን ሥልጠና እንዳዘጋጅ ታዝዣለሁ። ባለፈው ዓመትም ሥልጠና ተሰጥቶ ነበር፤ ስላይድ ተነበበልን፣ ዋርድ ስንመለስ ምንም አልተለወጠም። ምን ላሠልጥናቸው? ‹ለማስተማር አይከፈለንም› ለሚሉትስ ምን ልበል?»

ሲስተር፣ ሥልጠናውን ከመንደፍዎ በፊት የምደባ ወረቀት ይያዙ። 24 ተማሪ በአንድ ጠዋት ማዋለጃ ክፍል ከገባ፣ ፕሪሴፕተሯ የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆን የምትለው «ወደ ግድግዳው ጠጋ በሉ» ነው። ያለፈው ዓመት ሥልጠና ውጤት ያጣው በስላይዱ ብቻ አይመስለኝም። የሠለጠነችው ሚድዋይፍ የተማረችውን የምትሞክርበት ፋታ አላገኘችም።

ስለዚህ ተማሪዎቹን በስድስት ቡድን ይክፈሏቸው፤ በአንድ ቡድን አራት ይሆናሉ። ስድስት ቦታ ያዘጋጁ፦ ማዋለጃ ክፍል በቀን፣ ማዋለጃ ክፍል በሌሊት፣ ድኅረ ወሊድ ከነጨቅላ ሕፃናቱ፣ ቅድመ ወሊድ ክትትል፣ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስኪል ላብ (የእጅ ሥራ መለማመጃ ክፍል)። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሲቆጠር በአራት ሳምንት 24 ቀን አለ፤ ለስድስት ቦታ ሲካፈል ለእያንዳንዱ አራት ቀን ይደርሰዋል። የሌሊቱ ቡድን ሁለት ሁለት እየሆነ ይፈራረቃል፤ አንድ ተማሪ በአራቱ ቀን ሁለት ሌሊት ያድራል፣ ባደረ ማግሥት ያርፋል። በቀን ማዋለጃ ክፍል የሚገኙት አራት ተማሪዎች ለሁለት ፕሪሴፕተር ይከፈላሉ። አንዲት ፕሪሴፕተር ሁለት ተማሪ በደንብ ትይዛለች፣ ሦስትም ትችላለች። አራተኛው ሲጨመር ግን ሁሉም ተመልካች ይሆናሉ።

ቅድመ ወሊድና ቤተሰብ ምጣኔ ጤና ጣቢያ ቢሆኑ ይሻላል፤ ሆስፒታል የሚመጣው አብዛኛው ሪፈር የተደረገ ስለሆነ ተማሪው ጤነኛ እርግዝና ምን እንደሚመስል ሳያይ ይወጣል። ከሁለቱ አንዱን ወደ ኮምቦልቻ መላክ ከቻሉ ደግሞ ተጨማሪ ጥቅም አለው። ደሴ 2,500 ሜትር ከፍታ አካባቢ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ትወርዳለች። 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ውስጥ የወባ ነገር ይለወጣል። ነፍሰ ጡር ትኩሳት ይዟት ስትመጣ ወባን ቀድሞ መጠርጠርን ተማሪው እዚያ ነው የሚለምደው። ደሴ የሚያድር ተማሪ ከሆነ ግን መግቢያ ሰዓቱን 2፡30 ያድርጉለት። በክረምት ጭጋግ ሚኒባስ ጠብቆ 2 ሰዓት ላይ ኮምቦልቻ መድረስ በየቀኑ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ዘግይቶ የገባ ተማሪ ደግሞ ርክክቡ ያመልጠዋል።

ከኮሌጆቹ ጋር የሚፈራረሙት ወረቀት ላይ ጓንት ይጻፍ። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ የማዋለጃ ክፍል ሠራተኛ ተማሪን የሚጠላው ግን ከዚህ ተነሥቶ ነው። አራት ተማሪ በቀን ስድስት ስድስት ጥንድ ቢጠቀም 24 ጥንድ ነው፤ 100 ፍሬ ከሚይዘው የምርመራ ጓንት ካርቶን ግማሽ ያህሉ በአንድ ቀን ያልቃል ማለት ነው። ለማህፀን በር ምርመራና ለማዋለድ የሚሆነው ስቴራይል (ከጀርም የጸዳ) ጓንት ለብቻው ይታሰባል። ኮሌጁ ይህን በየሳምንቱ ሰኞ ያስገባል፣ የሚረከበው ሰው ስሙ ተጽፎ ይታወቃል።

ማንን ያሠልጥኑ? በአገልግሎት ዘመን ብዛት አይምረጡ። እናቶችን ስታነጋግር ቆም ብላ የምታስረዳ፣ ቻርቷን ሳትጨርስ ፈረቃ የማታስረክብ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት ማዋለጃ ክፍል የሠራች ከሆነች በቂ ነው። እጇ ወርቅ የሆነ ነገር ግን ከትዕግሥት ያልተወለደች አዋላጅ በየዋርዱ አለች። እሷን ለከባድ ወሊድ ያቆዩአት፤ በግድ አስተማሪ ካደረጓት ሁለቱም ወገን ይጎዳል። በአንድ ዙር 12 ሰው ይበቃል።

ከሥልጠናው በፊት ባለው ሳምንት ሁለት ፈረቃ ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው አንድ ጥግ ይቁሙ። ሦስት ነገር ብቻ በጭረት ይቁጠሩ፦ ሚድዋይፏ ለተማሪው ስንት ጊዜ ጥያቄ ጠየቀች፣ ከጠየቀችው ውስጥ ስንቱን ራሷ መለሰች፣ ተማሪው ስንት ጊዜ በእጁ ሠራ። የማንንም ስም አይጻፉ። ይህ ወረቀት ለሥልጠናው መነሻ፣ በኋላ ደግሞ ለማነጻጸሪያ ይሆንዎታል። በሥልጠና መጀመሪያና መጨረሻ የሚሰጠው የወረቀት ፈተና እዚህ ላይ ብዙም አይረዳም። ‹ጥሩ ግብረ መልስ ምንድን ነው?› ለሚለው ሁሉም ሰው ትክክለኛውን መልስ ያውቃል፤ ዋርድ ገብቶ ግን ይጮኻል።

ሁለት ቀን ከተፈቀደልዎ ሁለት ተከታታይ ቀን አያድርጉት። ሁለት ግማሽ ቀን ይውሰዱ፤ በመካከላቸው አንድ ሳምንት ይኑር፣ የተረፈውን ሰዓት ለክትትል ያቆዩት። ከቀኑ 7፡30 እስከ 11፡30፣ እዚያው ሆስፒታል ውስጥ። ሆቴል አዳራሽ የተሰጠ ሥልጠና ሆቴል አዳራሽ ይቀራል፤ ሠልጣኟ ቆይታ ወጥታ የምትሞክርበት አልጋ አጠገቧ መኖር አለበት።

የመጀመሪያውን ግማሽ ቀን በቀይ ሥር ይጀምሩት። ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውኃ ቀዝቅዞ በመለኪያ 250፣ 500 እና 1,000 ሚሊ ሊትር ይለኩ። አንዱን በአንሶላ ላይ፣ አንዱን ጎዝ በሞላበት ሳህን፣ አንዱን ወለል ላይ በተነጠፈ ፕላስቲክ ያፍሱት። እያንዳንዷ ሠልጣኝ ዞራ ታይና ግምቷን ሳትነጋገር በወረቀት ትጽፋለች። ከዚያ ቁጥሩ ይገለጣል። የፈሰሰ ደምን በዓይን መገመት ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ያንሳል፣ መጠኑ ሲጨምር ደግሞ ስሕተቱ ይሰፋል፤ ልምድ ያላቸውም ከዚህ አያመልጡም። ጨዋታው ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ ሠልጣኟ ራሷ ተማሪ ሆና መሳሳት ምን እንደሚመስል ትቀምሳለች። ሁለተኛ፣ መጀመሪያ አቋሟን በወረቀት ስላስቀመጠች መልሱን አትረሳውም። ተማሪን መጀመሪያ አቋም አስይዞ በኋላ ማስተማር የሚባለው ይኸው ነው፤ ስሙን ሳይጠሩ አስተማሯቸው ማለት ነው።

ቀጥሎ እጅ ሥራን ማስተማር ይመጣል። ለዚህ ባለ አራት ደረጃውን ዘዴ ይጠቀሙ፤ ጨቅላ ሕፃንን በአምቡ ባግ (በእጅ በሚጨመቅ የአየር ከረጢት) ማስተንፈስ ጥሩ ምሳሌ ነው። ማኔኩዊን (የልምምድ አሻንጉሊት) ከኮሌጁ ስኪል ላብ ይዋሱ፤ የጨርቅ አሻንጉሊት ደረቱ ስለማይነሣ ለዚህ አይሆንም። በመጀመሪያው ደረጃ አስተማሪዋ በተለመደው ፍጥነት፣ አንድም ቃል ሳትናገር ትሠራለች። በሁለተኛው እየዘገየች እያንዳንዱን ነገር ትናገራለች፦ የሕፃኑን ራስ ትንሽ ወደ ኋላ ማዘንበል፣ ጭምብሉ አገጭን፣ አፍንና አፍንጫን ሸፍኖ ዓይን አለመንካቱ፣ በደቂቃ 40 ያህል እስትንፋስ፣ «ጭመቅ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያሉ መቁጠር፣ ደረት መነሣቱን ማየት። በሦስተኛው ተማሪው ይናገራል፣ አስተማሪዋ የተባለችውን ብቻ ትሠራለች። በአራተኛው ተማሪው እየተናገረ ራሱ ይሠራል።

ሰው የሚዘለው ሦስተኛውን ነው፤ ከሁሉ የሚጠቅመው ግን እሱ ነው። ተማሪው «ጭምብሉን አድርጊ» ብሎ የሕፃኑን ራስ አቀማመጥ ከረሳ፣ አስተማሪዋ ጭምብሉን ታደርጋለች፣ ትጨምቃለች፣ ደረቱ አይነሣም። እጇን እዚያው አቁማ ትጠብቃለች። አትነግረውም። ተማሪው ደረቱን ያያል፣ ጭምብሉን ያያል፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ «ራሱን አስተካክዪ» ይላል። ይህን አንዴ ራሱ ካገኘው፣ ሕፃን ሳያለቅስ ሲወለድ በዚያች የመጀመሪያ ደቂቃ ውስጥ እጁ ቀድሞት ወደ ሕፃኑ ራስ ይሄዳል። አራቱም ደረጃ ለአንድ ክህሎት 15 ደቂቃ ይበቃቸዋል። ሠልጣኞችዎ ‹ጊዜ የለንም› ካሉ ሰዓት ይዘው ያሳዩአቸው።

ስለ ማህፀን በር መለካት በጎን አንድ ነገር ልጨምር። ከጠንካራ ካርቶን 3፣ 5፣ 7 እና 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ክብ ቀዳዳዎች ይቁረጡ፣ በጨርቅ ከረጢት ይክተቱ። ተማሪው እጁን ከትቶ ሳያይ ይለካል። በእናት ላይ ከመማሩ በፊት 20 ጊዜ ካርቶን ላይ ቢሳሳት ማንም አይጎዳም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ዋርድ ላይ ለማስተማር ግማሽ ሰዓት አይገኝም፤ የሚገኘው ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። ለዚህ የተዘጋጀ አምስት እርምጃ ያለው ዘዴ አለ፤ ‹ዋን ሚኒት ፕሪሴፕተር› ይባላል፣ በ1992 እ.ኤ.አ. ለቤተሰብ ሐኪም አስተማሪዎች የቀረበ ነው። መጀመሪያ ተማሪው አቋሙን ይናገራል። ቀጥሎ ምክንያቱን ይጠየቃል። ከዚያ አንድ አጠቃላይ ደንብ ይማራል፣ የሠራው ትክክል ነገር በስሙ ተጠርቶ ይነገረዋል፣ በመጨረሻ ስሕተቱ ይታረማል። በስላይድ ሲነበብ ቀላል ነው። በሥራ ላይ የሚመስለው እንዲህ ነው።

እናቲቱ ሁለተኛ ልጇን ልትወልድ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ስትገባ የማህፀን በሯ 5 ሴንቲ ሜትር ተከፍቶ ነበር፤ ፓርቶግራፉ (የምጥ መከታተያ ቻርቱ) ላይ ነጥቡ በአለርት ላይን፣ በማስጠንቀቂያው መስመር ላይ ተቀምጧል፤ ከእሱ ቀጥሎ እርምጃ የሚወሰድበት አክሽን ላይን አለ። አሁን 6 ሰዓት ሆኗል፤ ተማሪዋ ከፕሪሴፕተሯ ጋር መርምራ 6 ሴንቲ ሜትር አግኝታለች። ሁለቱም ከአልጋው ጥቂት ራቅ ብለው ቻርቱ ጋ ቆመዋል።

«ምን እየሆነ ነው ትያለሽ?»

«… ምጡ ዘግይቷል መሰለኝ።»

«ምን አይተሽ ነው?»

«2 ሰዓት ላይ 5 ነበረች። በሰዓት አንድ ሴንቲ ሜትር ብትሄድ አሁን 9 በሆነች ነበር። አለርት ላይኑን አልፋለች፤ እዚሁ 6 ላይ ከቆየች በአንድ ሰዓት ውስጥ አክሽን ላይን ትነካለች።»

«ሌላስ?»

«ምጧ በ10 ደቂቃ ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ 30 ሰከንድ ያህል።»

«ፊኛዋስ?»

ተማሪዋ ዝም አለች።

«ምጥ ሲዘገይ ምጥ የሚያጠነክረውን ኦክሲቶሲን ከማሰብሽ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ኃይሉ፣ ልጁ፣ መንገዱ። ከሦስቱ ጋር ሁልጊዜ ፊኛን እዪ፤ ፊኛ ከሞላ ጭንቅላቱ እንዳይወርድ ያግደዋል። ፓርቶግራፉን በመስመሩ ማንበብሽ ጥሩ ነው፤ ‹6 ሴንቲ ሜትር› ብቻ ብትዪኝ ኖሮ መዘግየቱ አይታየንም ነበር። ፊኛዋን ግን ሳትዳስሺ መጥተሻል። አሁን እንድትሸና እርጃት፣ የልጁን ልብ ቁጠሪ፤ እኔ ለተረኛው ሐኪም እነግራለሁ።»

ከሁለት ደቂቃ ብዙም አልበለጠም። ልብ ይበሉ፦ ምስጋናው «ጎበዝ» አይደለም፤ ምን እንደሠራችና ለምን እንደጠቀመ ተነግሯታል። እርማቱም «አንቺ ሁልጊዜ ትረሺያለሽ» አይደለም፤ አንድ ነገር ነው፣ አሁኑኑ የምታስተካክለው።

እዚህ ላይ ከኮሌጆቹ ጋር አስቀድመው የሚያጣሩት ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው አዲሱ የምጥ ክትትል ቅጽ አለርት ላይንና አክሽን ላይን የሉም፤ ንቁ ምጥም ከ4 ሳይሆን ከ5 ሴንቲ ሜትር ይጀምራል፣ በየሴንቲ ሜትሩ የሚጠበቅ የጊዜ ገደብ አለው። 5 ላይ 6 ሰዓት፣ 6 ላይ 5 ሰዓት፣ 7 ላይ 3 ሰዓት እያለ ይሄዳል። ከላይ ያየናት እናት በአሮጌው ቅጽ አለርት ላይን ያለፈች ስትሆን በአዲሱ ግን በማህፀን በሯ መከፈት ብቻ ገና ማንቂያ አልነካችም፤ የምጧ መድከም ግን በአዲሱም ይመዘገባል። ተማሪው ክፍል ውስጥ አንዱን ተምሮ ዋርድ ላይ ሌላውን ካገኘ፣ ስሕተት የሚመስለው መልስ ስሕተት ላይሆን ይችላል። ዋርድዎ በየትኛው እንደሚሠራ በመጀመሪያው ቀን ለተማሪዎቹም ለፕሪሴፕተሮቹም ይንገሩ።

ከአምስቱ እርምጃ ከባዱ ከመጀመሪያው ጥያቄ በኋላ ያለው ዝምታ ነው። ሜሪ በድ ሮው የተባለችው ተመራማሪ በክፍል ውስጥ ባደረገችው ምርመራ፣ አስተማሪዎች ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ አካባቢ እንደሆነ፣ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ ግን የተማሪዎች መልስ እንደሚረዝምና ‹አላውቅም› እንደሚቀንስ አሳይታለች። እኛ ጋ ደግሞ ታላቅ ሰው ሲጠይቅ ተማሪው አንገቱን ደፍቶ ይቆያል፤ ፕሪሴፕተሯ ዝምታውን እንደ ድንቁርና ቆጥራ ራሷ ትመልሳለች። ሠልጣኞቹ በልባቸው እስከ አምስት እንዲቆጥሩ ያድርጉ። በመጀመሪያ ሙከራቸው አምስት ሰከንድ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ይገርማቸዋል።

ይህን የሚለማመዱት በሦስት ሦስት ሆነው ነው። አንዷ ፕሪሴፕተር፣ አንዷ ተማሪ፣ አንዷ ታዛቢ። ስድስት ደቂቃ ይሠራሉ፣ ሦስት ደቂቃ ታዛቢዋ ያየችውን ትናገራለች፣ ቦታ ይለዋወጣሉ። ሦስቱ ዙር በ27 ደቂቃ ያልቃል፤ 12 ሠልጣኝ አራት ቡድን ይሆናል፣ ሁሉም ሦስቱንም ቦታ ይቀምሳል። የሚጫወቱት ጉዳይ ከራስዎ ዋርድ የወጣ ይሁን፦ ደም የሚፈሳት እናት፣ ከወሊድ በኋላ በመጀመሪያው ደቂቃ የሚሰጠው የ10 ዩኒት ኦክሲቶሲን መርፌ፣ ሁለተኛ ልጅ አለመኖሩን ሳያረጋግጥ መርፌ ያነሣ ተማሪ። ‹ዝምተኛ ተማሪ› እና ‹ሁሉን አውቃለሁ የሚል ተማሪ› ደግሞ በተለይ ይጫወቱ፤ ሳቁ ብዙ ነው፣ ትምህርቱም እንዲሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሁለተኛው ግማሽ ቀን ላይ፣ መጀመሪያ እያንዳንዷ ሠልጣኝ በሳምንቱ ውስጥ የሞከረችውን አንድ ነገር ትናገራለች። ያልሞከረችም ‹አልሞከርኩም፣ ምክንያቱ ይህ ነው› ትላለች። ከዚያ ስለ እርማት ይነጋገሩ። እርማት በእናቲቱ ፊት አይሰጥም፣ በሌሎች ተማሪዎች ፊትም አይሰጥም። አደጋ ሲኖር ግን አይጠበቅም። ለዚህ አስቀድሞ የተስማሙበት አንድ ቃል ይኑር፤ «እኔ ልቀጥል» ይበቃል። ፕሪሴፕተሯ ይህን ስትል ተማሪው ያለ ጥያቄ እጁን ያነሣል፤ ምክንያቱ በኋላ ይነገረዋል። ይህ ቃል በመጀመሪያው ቀን ለተማሪው ካልተነገረው፣ እጁን የተነጠቀ መስሎት ለቀሪው አራት ቀን ወደ ኋላ ይላል።

ከሁሉ በላይ የእናቲቱ ጉዳይ ይቀድማል። በምጥ ላይ ያለች እናት የማህፀን በር ምርመራ የተለየ ምክንያት ካልኖረ በየ4 ሰዓቱ ነው። ተማሪ ሲበዛ ይህ ደንብ ሳይታወቅ ይፈርሳል፤ አንዷ እናት በአንድ ጠዋት አራት እጅ ያገኛታል። ሕመሙ ሳይቆጠር ኢንፌክሽን ይመጣል። ስለዚህ ምርመራው ጊዜው ሲደርስ ብቻ፣ በአንድ ፕሪሴፕተርና በአንድ ተማሪ ይሁን፤ ሁለቱም ያገኙትን ቻርት ላይ ጽፈው ይፈርሙ። ከምርመራው በፊት ፕሪሴፕተሯ ራሷ ትጠይቃለች፦ «እህቴ፣ ይቺ ተማሪ ናት፤ እኔ አብሬያት ነኝ። ብታይሽ ፈቃድሽ ነው?» እምቢ ካለች እምቢ ነው፣ አገልግሎቷም አይቀንስም። ወሎ ውስጥ ወንድ እንዲያያት የማትፈልግ እናት ብዙ ናት፤ ወንድ ተማሪ በሴት ፕሪሴፕተር ሲጠየቅለትና እምቢታውንም በጸጋ ሲቀበል ማየቱ ራሱ ትምህርት ነው። ከከሚሴ በኩል ኦሮምኛ፣ ከአፋር በኩል አፋርኛ ብቻ የምትናገር እናት ትመጣለች። አስተርጓሚ ማን እንደሆነ፣ ‹ግፊ›፣ ‹አትግፊ›፣ ‹ተንፍሺ› በሁለቱ ቋንቋ እንዴት እንደሚባል በግድግዳ ይለጠፍ። ተማሪው እናት ላይ መጮኽን የሚማረው ከመጽሐፍ አይደለም። ከፕሪሴፕተሩ ነው፣ ያውም ፕሪሴፕተሩ ሳያውቅ።

ሎግቡክ፣ ተማሪው የሠራው የሚመዘገብበት ደብተር፣ ሌላው የታወቀ ችግር ነው። በመጨረሻው ቀን ኮሪደር ላይ ተሰልፎ፣ ሰባትና ስምንት ወሊድ በአንድ ጊዜ የሚፈረምበትን ነገር ሁሉም ያውቀዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ የሚፈረመው በዚያው ፈረቃ፣ ሥራውን ባየች ሰው ብቻ፣ ከሦስት ቃል አንዱን በመጻፍ፦ ‹አየ›፣ ‹አገዘ›፣ ‹በክትትል ሠራ›። ፈረቃው ካለፈ አይፈረምም። ለመጀመሪያ ሳምንት ለቅሶ ይኖራል፤ በሁለተኛው ይለመዳል። ኮሌጁ የሚጠይቀው የወሊድ ብዛት በአራት ሳምንት የማይሞላ ከሆነ ፊርማውን አያብዙለት፣ ቁጥሩን ለኮሌጁ ይንገሩ።

ደካማ ተማሪን ዝም ብሎ ማሳለፍም ከዚህ ጋር አብሮ ይሄዳል። በአራተኛው ሳምንት ‹አትችልም› ማለት ከባድ ነው፣ ፍትሐዊም አይደለም። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ፕሪሴፕተሮቹ 20 ደቂቃ ተቀምጠው ስም በስም ይለፉ፤ ያሳሰባቸው ተማሪ ካለ ምን እንዳዩ በቀንና በድርጊት ይጻፍ፣ ለኮሌጁ ተቆጣጣሪ ይነገር፣ የቀረው ሁለት ሳምንት በዚያ ክህሎት ላይ ይዋል። ‹ሰነፍ ነው› ተብሎ አይጻፍም። ‹ሦስት ጊዜ የእጅ መታጠብን ዘለለ› ተብሎ ይጻፋል።

ሥልጠናው ካለቀ በኋላ በ2ኛው፣ በ4ኛውና በ8ኛው ሳምንት እያንዳንዷን ፕሪሴፕተር 15 ደቂቃ ይከታተሏት። ያው የቀድሞው ወረቀት ነው፤ ሦስቱ ጭረት ላይ ‹ለተማሪው አንድ የተለየ ነገር ነገረችው?› የሚለውን ብቻ ይጨምሩ። 8ኛው ሳምንት ላይ እነዚህ ተማሪዎች ሄደው ከሆነ በሚቀጥለው ዙር ያድርጉት። ወረቀቱ ወደ ሰው ሀብት ክፍል እንደማይሄድ በመጀመሪያው ቀን ቃል ይግቡ፤ ለሥራ አፈጻጸም ከዋለ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያዩት ትያትር ይሆናል።

‹አይከፈለንም› ለሚሉት፣ እውነታቸውን ነው፤ ‹የሙያ ግዴታ ነው› ብለው አይገስጿቸው። ክፍያ የእርስዎ ሥልጣን ካልሆነ በእጅዎ ያለውን ይስጡ። ተማሪ የያዘች ፕሪሴፕተር በዚያ ፈረቃ የሪፖርትና የመድኃኒት ቆጠራ ሥራ ለሌላ ሰው ይሰጥላት። በየዙሩ መጨረሻ ከኮሌጁ የተጻፈ፣ የሰዓቱ ብዛት የተጠቀሰበት ደብዳቤ ወደ ግል ማኅደሯ ይግባ። ሥልጠናውን ዕውቅና ካለው የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ) ሰጪ ተቋም ጋር ማስተሳሰር ከቻሉ ለሙያ ፈቃድ እድሳት ነጥብ ይሆናታል፤ ይህን ለማስፈጸም ማመልከቻው ከሥልጠናው በፊት መግባት ስላለበት አሁኑኑ ይጀምሩት። ከኮሌጁ ጋር በሚፈራረሙት ላይም ‹ለፕሪሴፕተሮች በዓመት አንድ ሥልጠና› የሚል መስመር ያስገቡ።

አንድ ግማሽ ቀን ብቻ ከተፈቀደልዎ የመጀመሪያውን ይስጡ፤ ቀይ ሥሩን፣ አራቱን ደረጃና የሦስት ሦስት ልምምዱን። የሁለተኛውን ቀን ጉዳዮች በየሐሙሱ ርክክብ ላይ አሥር አሥር ደቂቃ ይከፋፍሏቸው፦ በመጀመሪያው ሐሙስ «እኔ ልቀጥል» የሚለውን ቃል፣ በሁለተኛው የእናት ፈቃድን፣ በሦስተኛው ሎግቡኩን፣ በአራተኛው ደካማ ተማሪን። ተማሪዎቹ ከመምጣታቸው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድመው ቢጀምሩ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይደርሱልዎታል፤ ሊዘገዩ የማይገባቸውም እነሱ ናቸው።